ቀይ ቀበሮን ለማዳን ውሻ መከተብ ለምን አስፈለገ?

በ2024 መገባደጃ ላይ ከባሌ ተራሮች የወጡ ፎቶግራፎች በብዙ አገር ጋዜጦችና በማኅበራዊ መገናኛዎች ሲዘዋወሩ ሰንብተው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፎቶግራፎቹ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ፣ የተለኮሰ ችቦ በሚመስል ቀይና ቢጫ አበባ ፊት ቆሞ ወለላውን ይልሳል። አፍንጫው በአበባው ብናኝ ተሸፍኗል። ስለዚህ ነገር ጥናት ያወጡት ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ አንዳንዶቹ ቀበሮዎች በአንድ ጉዞ እስከ 30 የሚደርሱ አበቦችን እየዞሩ ልሰዋል። የአካባቢው እረኞች ልጆችም ይህንኑ አበባ ሲልሱ ይታያሉ።

ዜናው ያስደነቀው ቀበሮ ሥጋ በል በመሆኑ ነው። ከአበባ አበባ መዞር የንብ፣ የቢራቢሮና የወፍ ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ቀበሮው አፍንጫው ላይ የያዘውን ብናኝ ወደሚቀጥለው አበባ አድርሶ ተክሉን በእርግጥ ያዳቅለው እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም። ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ያሳያል። አንድን እንስሳ ብቻውን ነጥለን ስንመለከተው የምናየው ጥቂቱን ነው። ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚጠቅመውና ማን እንደሚገድለው ካላወቅን ልንጠብቀውም አንችልም።

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው አንድ ብርቅዬ እንስሳ፣ አንድ የፓርክ ክልልና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ነው። የቀይ ቀበሮ ታሪክ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር አይገጥምም። በቁጥር 500 ገደማ ብቻ የቀረውን ይህን እንስሳ በብዛት የፈጀው የአዳኝ ጥይት አይደለም፤ ከውሻ የተሻገረ በሽታ ነው። የሚያኖረውም ከመሬት በታች የሚኖር ፍልፈል ነው። ይህን ለመረዳት ዝርያዎች እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት ከመሠረቱ መመልከት ያስፈልጋል።

የዝርያዎች ግንኙነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ዝርያ ስንል አንድ ዓይነት ሕያው ፍጥረት ማለታችን ነው። ቀይ ቀበሮ አንድ ዝርያ ነው፣ ጭላዳ ሌላ ዝርያ ነው፣ የኮሶ ዛፍም እንዲሁ። ብዝኃ ሕይወት የእነዚህ ዝርያዎች ብዛትና ልዩ ልዩነት ነው። ሥነ ምኅዳር ደግሞ በአንድ ቦታ ያሉት ዕፅዋት፣ እንስሳትና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከአየሩ ጋር አንድ ላይ ሆነው የሚኖሩት ኑሮ ነው።

ከግንኙነቶች ሁሉ በቀላሉ የሚታየን መብላትና መበላት ነው። ነብር ድኩላን ይበላል፣ ድኩላ ቅጠልን ይበላል። ሁለተኛው ፉክክር ነው፤ ላምና ፍልፈል አንዱን ሣር ሲሻሙ እርስ በርስ ባይተያዩም ተፎካካሪዎች ናቸው። ሦስተኛው ጥገኝነት ነው። መዥገር በበሬ ላይ፣ ቫይረስ በውሻ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩት እንዲህ ነው። አንዱ ሲጠቀም ሌላው ሳይጠቀምም ሳይጎዳም የሚቀርባቸው ግንኙነቶችም አሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠቀሙበት መደጋገፍ ግን እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነው፤ የሾላን ዛፍ ብቻ እንመልከት። ፍሬ የምንለው የሾላ ፍሬ በመጀመሪያ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ስብስብ ነው። አበቦቹ በውስጡ ተደብቀው ስለሚገኙ ንብም ሆነ ነፋስ ሊደርስባቸው አይችልም። የሚደርስባቸው ትንኝ የምታክል አንዲት ተርብ ናት። በጠባቧ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፎቿ ይረግፋሉ፤ ከተወለደችበት ፍሬ ይዛ የመጣችውን ብናኝ ለአበቦቹ ታደርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ አድገው ሲወጡ ደግሞ አዲስ ብናኝ ይዘው ወደ ሌላ ዛፍ ይበራሉ። ዋርካም ሾላም የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ተርቧ ከጠፋች ሾላው ዘር አያፈራም፤ ሾላው ከጠፋ ተርቧ የምትወልድበት የላትም። ከዚያም አልፎ በፍሬው የሚኖሩ ወፎች፣ የሌሊት ወፎችና ጦጣዎች ይራባሉ። በአንድ የገጠር አደባባይ ላይ ያለው ዛፍ ጥላውን ለሰው የሚሰጠው ማንም አይቷት በማያውቅ ነፍሳት ትከሻ ላይ ቆሞ ነው ማለት ይቻላል።

በባሌ መሬት ሥር ያለው ማን ነው?

ከባሌ ተራሮች ከፍተኛው ክፍል የሳነቴ አምባ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ ሌሊት ውርጭ ቀን ፀሐይ የሚፈራረቁበት፣ ጅብራ እዚህም እዚያም የቆመበት ሜዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ባዶ ሊመስለው ይችላል። ኑሮው ያለው ግን ከመሬት ሥር ነው።

በዚያ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር በየትም አይገኝም። ሙሉ ያደገው እስከ አንድ ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ሌላውን አካሉን ሳያሳይ ዙሪያውን ይቃኛል። አብዛኛውን ጊዜውን መሬት ውስጥ ያሳልፍና ለጥቂት ጊዜ ብቻ ወጥቶ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሣርና ቅጠል እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። በዙሪያው ያለው ሲያልቅ ሌላ ጉድጓድ ይከፍታል።

ይህ ሥራው አፈሩን ይገለብጣል። ከሥር ያለው አፈር ወደ ላይ ይወጣል፣ የተጎተተው ቅጠል ከውስጥ ይበሰብሳል፣ የዝናብ ውኃ በዋሻዎቹ ይሰርጋል። ፍልፈል በቆፈረበትና ባልቆፈረበት ቦታ የሚበቅሉት ዕፅዋት አንድ ዓይነት አይደሉም። የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎች እንዲህ አካባቢውን በሥራቸው የሚለውጡ ፍጥረታትን የሥነ ምኅዳር መሐንዲሶች ይሏቸዋል። ምስጥም እንደዚሁ ነው።

ፍልፈሉ ለመብላት በሚወጣበት ሰዓት አብራው የምትታይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ከጉድጓዱ አጠገብ ትቆምና በተቆፈረው አፈር ውስጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፤ ፍልፈሉም ጩኸቷን ሰምቶ ወዲያው ይሰወራል። እርሱ ያርስላታል፣ እርሷ ትጠብቀዋለች።

የሚፈሩት ጠላት ቀይ ቀበሮ ነው። በባሌ የቀበሮው ምግብ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ሲሆን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ትልቁ ፍልፈል ነው። ቀበሮው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ እግሩን እያለሰለሰ ወደ ጉድጓዱ ይጠጋና ፍልፈሉ ብቅ እስኪል ይጠብቃል። አደኑን ለብቻው ያድናል። የሚኖረው ግን በቡድን ነው፤ ጠዋትና ማታ የቡድኑ አባላት ተገናኝተው ይላላሳሉ፣ አብረው ወሰናቸውን ይዞራሉ፣ የአንዲቱን እናት ልጆች አብረው ያሳድጋሉ። ይህ የቤተሰብ ኑሮ በኋላ ስለ በሽታ ስናወራ ስለሚያስፈልገን ልብ እንበለው።

ከዚሁ ማዕድ የሚካፈሉት ቀበሮዎች ብቻ አይደሉም። የባሌ ሰማይ በንስርና በጭልፊት የተሞላ ነው፤ ከእነርሱም ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ አሉ። ሰውም ከተካፋዮቹ አንዱ ነበር። በባሌ ተራሮች ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ የተካሄደ ቁፋሮ እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በዚያ ከፍታ የኖሩ ሰዎች ትልቁን ፍልፈል በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነው ይህ ግኝት የሰው ልጅ በከፍተኛ ተራራ ላይ ስለኖረበት ዘመን የነበረውን ግምት ወደ ኋላ ገፍቶታል። እነዚያን ሰዎች በዚያ ብርድ ያኖራቸው ይኸው እንስሳ ነበር።

ቀበሮና ጭላዳ እንዴት ተስማሙ?

ከባሌ ርቀን በሰሜን ሸዋ ወዳለው መንዝ ጓሳ ስንሄድ ትልቁ ፍልፈል የለም። ቀይ ቀበሮ ግን አለ፤ ጭላዳም በመቶዎች እየሆነ ሣር ይግጣል። ለጥቂት ጊዜ የሚመለከት ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያያል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ረጋ ብሎ ይሄዳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፣ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ ግልገል ጭላዳ ለቀበሮ የማይከብድ አደን ሆኖ ሳለ።

በ2015 የታተመ ጥናት ምክንያቱን በቁጥር አሳይቷል። ቀበሮ ጭላዳዎች ባሉበት ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካል። ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሲግጡና ሲራመዱ አይጦቹን ከተደበቁበት ያስወጧቸው ይሆናል፤ ወይም መንጋው በአይጦቹ ዓይን ቀበሮውን ይሸፍነው ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ቀበሮው ጭላዳን አንድ ጊዜ ቢነካ የሚያጣው ብዙ ነው። ውሻ ሲመጣ ግን ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣሉ። ቀበሮንና ውሻን ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ነገር ነው። በጓሳ ጭላዳውን ያስወገደ፣ ቀበሮውን በጣቱ ሳይነካ የቀበሮውን የዕለት ምግብ ቀንሶበታል።

አንዱ ቢጠፋ ሌላው አይተካውም?

አንዳንዴ ይተካዋል። አሥር ዓይነት ንቦች በሚያዘወትሩት መስክ አንዷ ብትጠፋ የተቀሩት ሥራዋን በከፊል ይሸፍኑታል። የብዝኃ ሕይወት አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ድርቅ ወይም በሽታ ሲመጣ የሚተርፍ ይኖራል። ሁሉም ዝርያ ግን እኩል አይደለም።

የአንዲትን ትንሽ ከተማ ገበያ እናስብ። ከመቶ ነጋዴ መካከል ባለ ወፍጮው አንድ ሰው ነው። ወፍጮው ሲቆም ጤፍ የሚሸጠው ገዢ ያጣል፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሥራ ትፈታለች፣ ከሩቅ መንደር እህል ጭኖ ይመጣ የነበረው ገበሬ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ከእርሱ ጨውና ሳሙና ያተርፍ የነበረው ሱቅም ይዘጋል። በቁጥር አንድ ሰው ነበር፣ ጉዳቱ ግን የገበያውን መልክ ይለውጠዋል። በሥነ ምኅዳር እንዲህ ያለው ቁልፍ ዝርያ ይባላል።

ሐሳቡን ያመጣው ሮበርት ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻ አንድ የድንጋይ ስፍራ መርጦ የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ እየለቀመ ወደ ባሕሩ ይወረውር ነበር። ይህ እንስሳ ከድንጋዩ ጋር የሚጣበቁ ቅርፊታሞችን ይበላል። አዳኛቸው ከላያቸው ሲነሳላቸው ቅርፊታሞቹ ድንጋዩን ሁሉ ወረሩት፤ በስፍራው የነበሩት 15 ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። አዳኙ ሲወገድ ታዳኞቹ ሁሉ ይበዛሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ተሳስቶ ነበር። አዳኙ ጉልበተኛውን እየቆረጠ ለደካሞቹ ቦታ ይከፍትላቸው ኖሯል።

ለእኛ የሚቀርበውና ከዚህም የሚረዝመው ሰንሰለት በ2024 ከኬንያ ተዘግቧል። በላይኪፒያ ሜዳ የሚበቅል አንድ እሾሃማ ግራር አለ። እሾሁ ሥር ባበጠው ባዶ ክፍል ውስጥ የአገሬው ጉንዳኖች ይኖራሉ፤ ለተሰጣቸው መጠለያና ጣፋጭ ወለላም ውለታ ይመልሳሉ። ዝሆን ቅርንጫፉን ሊሰብር ሲመጣ ኩምቢው ውስጥ ገብተው ይነክሱታል። ይህች ኢምንት ፍጥረት ዝሆንን ታባርራለች። ከዚያ ትልቅ ራስ ያለው መጤ ጉንዳን ወደ አካባቢው ገባ። መጤው የአገሬውን ጉንዳን ይፈጃል፣ ዛፉን ግን አይጠብቅም። ዝሆኖች ግራሩን ያለ ከልካይ መገነጣጠል ጀመሩ፤ ሜዳውም ተገላለጠ። አንበሳ ደግሞ የሜዳ አህያን የሚይዘው ከቁጥቋጦ ጀርባ አድብቶ ነው፤ መደበቂያ ሲያጣ አህያዋ ከሩቅ ታየዋለች። በ2003 አንበሶች ከገደሏቸው እንስሳት 67 በመቶው የሜዳ አህዮች ነበሩ፤ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ። በዚያው ጊዜ የጎሽ ድርሻ ከዜሮ ወደ 42 በመቶ ወጣ። እስካሁን የአንበሶቹ ቁጥር አልቀነሰም፤ ነገር ግን ጎሽ ለአንበሳም አደገኛ ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚከብደኝ አንድ ነገር ነው። በላይኪፒያ አንበሳን ለመጠበቅ የተመደበ ሰው ሥራው አንበሳን መቁጠር ነበር። ነገሩ የተበላሸው ግን በእሾህ ሥር ነው።

ውሻ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው?

የባሌ እረኛ ውሻ የሚያሳድገው በምክንያት ነው። ሌሊት ጅብና ነብር ወደ በረቱ ይመጣሉ። ውሾቹ ግን በአብዛኛው የታሰሩ አይደሉም፤ ከከብቱ ጋር ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው ይፈልጋሉ። እዚያ ከቀበሮ ጋር በሦስት መንገድ ይገናኛሉ። አይጥ ይሻሙታል። አንዳንዴም ይዳቀላሉ፤ በባሌ ዌብ ሸለቆ የተዳቀሉ ግልገሎች ተገኝተዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በሽታ ማሻገራቸው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በሕይወት ለመቀጠል ሳያቋርጥ አዲስ እንስሳ ማግኘት አለበት። አምስት መቶ ቀበሮ ለዚህ አይበቃውም፤ በመካከላቸው ቢገባ ገድሎ ገድሎ ራሱም ይጠፋል። በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው ያሉት ብዙ ሺህ ውሾች ግን ይበቁታል። ስለዚህ ቫይረሱ በውሾች መካከል ይኖራል፣ በየጊዜውም ወደ ቀበሮዎቹ ይፈስሳል። ከገባ በኋላ ቀደም ብለን ያነሳነው የቤተሰብ ኑሯቸው ይጎዳቸዋል። ጠዋት የሚላላሱት፣ አብረው የሚተኙት፣ ግልገል አብረው የሚያሳድጉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለከፋሉ።

በ1991 እና 1992 ተመራማሪዎች በባሌ ይከታተሏቸው ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አለቁ። በ2003 ተመልሶ መጥቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ የሚያህሉትን ገደለ። በ2008 እና በ2014 እንደገና ተነሳ። በመካከሉ ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ከ2005 እስከ 2006 እና በ2010 ገባ፣ ከ2015 እስከ 2016ም ተደገመ። አንዱ ወረርሽኝ ያጎደለውን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል፤ ሳይሞላ ሌላው ይደርሳል።

ጥያቄውም እዚህ ላይ ይመለሳል። ቫይረሱ የሚኖረው በውሻ ስለሆነ ቀበሮን ለመጠበቅ ውሻን መከተብ ግድ ነው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 ጀምሮ ከመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ጋር እየሠራ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የመንደር ውሾችን ይከትባል። ከዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚጠቀመው የመንደሩ ሕፃን ነው፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ሰውን አይምርም፣ ወደ ሰውም የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ስለ ቀበሮ ግድ የሌለው አባወራ ውሻውን ለክትባት ይዞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክልም ነው።

ውሻን ሁሉ ማዳረስ አይቻልምና ቀበሮዎቹም ይከተባሉ። በ2003ቱ ወረርሽኝ ባለሙያዎች ሁሉንም ቀበሮ ለመያዝ አልሞከሩም። አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን ቡድኖች ብቻ መርጠው ከተቡ፤ በሽታው ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች ሳይሻገር ቀረ። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቃቸው ነው የረዳቸው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቀበሮውን ማጥመድ ሳያስፈልግ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ሌሊት በመንገዱ ላይ መጣል ተጀምሯል።

የውሻና የዱር እንስሳ ነገር የባሌ ብቻ አይደለም። በሕንድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን ረገፉ፤ ለከብት ሕመም የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በበድኑ ውስጥ ቀርቶ ኩላሊታቸውን ያበላሸው ነበር። ጥንብ የሚያነሳ ሲጠፋ በድኑን የወረሱት ውሾች በዙ፣ ከእነርሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አደገ። ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከልክላለች፤ ወፎቹ ግን ቀስ ብለው ስለሚዋለዱ እስካሁን ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው አልተመለሱም።

እምቦጭስ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ይያያዛል፤ የግንኙነት መጉደል ምን እንደሚያስከትል ከእምቦጭ የበለጠ የሚያሳይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የለም። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ከታየ ከ2011 ወዲህ ብዙ ሰው በእጁ፣ በጀልባና በማሽን ታግሎታል። ተክሉ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በዚያ ግንዱንና ቅጠሉን የሚበሉ ጥንዚዛዎች፣ የሚያመነምኑት በሽታዎችም አሉ። ጣና ላይ ግን ጠላቶቹን ሁሉ ትቶ ብቻውን ነው የደረሰው። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ደግሞ ምግብ ሆነው ጠበቁት። ዘሩ በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ስለሚቆይ በአንድ ወቅት ዘመቻ ተነቅሎ አያልቅም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከነቀዝ ወገን የሆኑትን የእምቦጭ ጥንዚዛዎች አምጥተው ለቀዋል፤ አረሙም በእጅጉ ቀንሶ ነበር። የዚያን ጊዜው የአየር ጠባይም አግዟል፤ አረሙ ግን በኋላ በአንዳንድ ስፍራዎች ተመልሷል። እንዲህ ያለው እርምጃ የሚወሰደው ነፍሳቱ ሌላ ተክል እንደማይነኩ በጥንቃቄ ከተፈተኑ በኋላ ነው፤ ያለ ፈተና የሚለቀቅ እንስሳ ራሱ ሁለተኛ እምቦጭ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጥበቃው ምን መምሰል አለበት?

ክትባቱ ጊዜ ይገዛል። የቀበሮው ቤት ግን ሣሩ ነው፤ ሣሩ የፍልፈሉ ነው። ከብት በብዛት በሚሰማራበት ቦታ አፈሩ ይረጋገጣል፣ ፍልፈሉ የሚበላው ይመናመናል። ደጋው እየታረሰ ወደ ላይ በተገፋ ቁጥር ደግሞ በውርጭ የሚኖሩት ዝርያዎች በተራራ አናት ላይ እንደታጠረ ደሴት ይቀራሉ። በጎጃም ጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ቀበሮው ቀድሞ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። ከእነዚያ ተራሮች ወደ ሌላ ተራራ የሚያሻግረው ሜዳ የእርሻ ማሳ ነው።

በባሌ ጎዳንቱ የሚባለው የእረኞች ልማድ ከብቱን በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ያዘዋውር ነበር። መንጋው ደጋውን ለቆ ሲወርድ ሣሩ ያገግም ነበር። በዚያው በደጋው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚሰፍረው ቤተሰብ በበዛ ጊዜ ይህ ዕረፍት ጠፋ። የፓርክ ድንበር ማበጀት ብቻውን ይህን አይመልሰውም። ባሌ በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ክብር ነው፤ ሣሩን የሚያሳርፈው ግን በየመንደሩ የሚደረስበት ስምምነት ነው።

የመንዝ ሰዎች ይህን ከብዙዎች ቀድመው አውቀውት ነበር። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ፣ ለገሳ የሚሆን ሣር ነው፤ አካባቢውም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነዋሪው በራሱ ሥርዓት ሜዳውን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት እየዘጋ፣ የመረጠው አለቃ ሲፈቅድ ብቻ ያጭድና ያሰማራ ነበር። ዓላማው ሣር ለመጠበቅ እንጂ ቀበሮ ለማዳን አልነበረም። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ፣ ጭላዳው፣ ቀበሮውም አብረው ተጠበቁ። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ይህም ፈርሶ ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ ተጎዳም። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቁሞ መልሶ አቋቁሞታል፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

ውሻ መከተብ በአንጻሩ ቀላሉ ሥራ ነው፤ መርፌ፣ ማቀዝቀዣ ሣጥንና በፈረስ የሚዞር ባለሙያ ካለ ይከናወናል። ከባዱ ሥራ የባሌ ደጋ እረኛ መንጋውን ለተወሰኑ ወራት ከሜዳው ሲያወርድ ቤተሰቡ በምን እንደሚኖር መመለስ ነው። የግጦሽ ተራ፣ የመኖ አቅርቦት፣ ከቱሪስት ገቢ የመንደሩ ድርሻ፣ ከጥቂት ላሞች የተሻለ ወተት ማግኛ መንገድ፤ እነዚህ ሁሉ በዱር እንስሳት ባለሙያ መዝገብ ላይ ብዙም አይታዩም። የትልቁ ፍልፈል ዕድል የሚወሰነው ግን በእነርሱ ነው፤ የቀበሮውም ከዚያ ጋር።